ዲፎርሜሽን ላይ ፒኤችዲ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ማስተርስሽን በአልጀብራ ጨርሰሻል። አንድ ፕሮፌሰር በሆም-ሊ አልጀብራዎች (ሕጋቸው ትንሽ የተጠመዘዘ የሊ አልጀብራ ዘመዶች) ዲፎርሜሽንና ኮሆሞሎጂ ላይ ፒኤችዲ እንድትሠሪ ጋብዞሻል። ዲፎርሜሽን የአልጀብራን የማባዛት ሕግ በጥቂቱ ማንቀሳቀስ ነው፤ ኮሆሞሎጂ ደግሞ የትኛው ለውጥ እውነተኛ እንደሆነና የት እንደሚሰናከል የሚለካ መሣሪያ ነው። አንቺ ግን «ፔፐሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑብኝ፤ ሥራስ ይገኝበታል ወይ?» ብለሻል።

ፔፐሮቹን በተመለከተ ዓይንሽ አልዋሸሽም። አንድ የተለመደ አካሄድ አለ። የታወቀ አልጀብራ ይወሰዳል፣ ሕጉ ትንሽ ይለወጣል፣ ኮሆሞሎጂ ይሠራለታል። ከዚያ ሁለተኛው ኮሆሞሎጂ ጥቃቅን ለውጦቹን እንደሚይዝ፣ እንቅፋቱ ደግሞ ሦስተኛው ውስጥ እንደሚገኝ ይረጋገጣል። የሒሳብ ሊቁ ገርስተንሀበር በ1964 ለአሶሲየቲቭ አልጀብራ ይህን ሲያሳይ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ኦፔራድ (የአልጀብራ ዓይነቶችን በአንድ ቋንቋ የሚገልጽ ስልት) የሚያውቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ውጤቱን ገና ርዕሱን ሲያይ ይገምተዋል። አራት ዓመትሽን ለዚያ እንድትሰጪ አልፈልግም።

መስኩ ራሱ ግን ሕይወት አለው። እስቲ ወረቀት አውጪ። ሀ፣ ለ እና መ የሚባሉ ሦስት ቬክተሮች ውሰጂ። የሀ እና የለ ቅንፍ (ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ምልክቱ የሚቀየር የሁለት ቬክተሮች ብዜት) መ ይሁን። የለ እና የመ ቅንፍ ተ ሲባዛ በሀ፣ የመ እና የሀ ደግሞ ተ ሲባዛ በለ ይሁን። ተ ማንኛውም ቁጥር ቢሆን የጃኮቢ ሕግ (ቅንፉ ሊ አልጀብራ እንዲሆን ማሟላት ያለበት የሦስት ቬክተሮች ሕግ) ይሠራል። ተ ዜሮ ሲሆን የሃይዘንበርግ አልጀብራ ነው። ተን ወደ 1 ስታመጪው የሦስት ልኬት ሽክርክሪት አልጀብራ ሆኖ ቁጭ ይላል! አሁን ከሽክርክሪቱ ተነስተሽ ትንሽ ልታንቀሳቅሺው ሞክሪ። እምቢ ይላል፤ ግትር ነው። ኮሆሞሎጂ ይህን አስቀድሞ ይነግርሻል። አልጀብራው በራሱ ላይ ያለው ሁለተኛ ኮሆሞሎጂ ለሃይዘንበርግ 5 ልኬት አለው፣ ለሽክርክሪቱ 0።

ሆም-ሊም ቢሆን ከመሬት ተነስቶ አልመጣም። ሃርትዊግ፣ ላርሰንና ሲልቨስትሮቭ የዊትንና የቪራሶሮን አልጀብራዎች (ፊዚክስ ውስጥም የሚያገለግሉ፣ ልኬታቸው ማለቂያ የሌለው ሊ አልጀብራዎች) ዲፎርሜሽን ሲያጠኑ የጃኮቢ ሕግ በሌላ ካርታ ተጠምዝዞ ስላገኙት ነው የተወለደው። ስለዚህ ፕሮፌሰሩን በግልጽ ጠይቂው፦ «የምንሠራበት አልጀብራ ከየት መጣ? ኮሆሞሎጂው ሲታወቅ የትኛው ጥያቄ ይመለሳል?» መልሱ «እስካሁን ማንም አልሠራውም» ብቻ ከሆነ መስኩን አትተዪ፤ ርዕሱ እንዲቀየር ጠይቂ። የቀድሞ ተማሪዎቹ አሁን የት እንዳሉም ጠይቂው። ነውር የለውም። ደህና አማካሪ አይቀየምም።

ወደ ሥራው ስመጣ አላባብልሽም። ቋሚ የዩኒቨርሲቲ ቦታ ጥቂት ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ደግሞ «ዲፎርሜሽን የሚያውቅ» የሚል ማስታወቂያ አታገኚም። የሚፈለገው ሌላ ነው፤ እሱንም ይህ መስክ ያስተምርሻል፣ ከፈለግሽ። ኮሆሞሎጂ ማስላት ማለት የማትሪክስ ራንክ (አንዱ ከሌላው የማይገኙ ረድፎቹን ብዛት) ማግኘት ነው። ባለ 3 ልኬት ሊ አልጀብራ ሲሆን ማትሪክሱ 3 በ9 ነው፣ በእጅ ይሠራል። ባለ 10 ልኬት ሲሆን ግን 1200 በ450 ይደርሳል፣ አብዛኛው ዜሮ። እዚህ ላይ ኮድ ግድ ነው። ኮምፒውተር ላይ ትልልቅና ባዶ የበዛባቸውን ማትሪክሶች በትክክል ማስላት የቻለ ሰው ዳታ ላይም፣ ክሪፕቶግራፊ ላይም የሚያወራው ነገር አለው። ብዙ ተማሪዎች ይህን ቸል ብለው በአምስተኛው ዓመት ሲደናገጡ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ፊርማሽን ከማኖርሽ በፊት አንድ ሳምንት ስጪኝ። በፓይተን ወይም በሴጅ (የሒሳብ ሶፍትዌር ነው) የሁለተኛውን ኮሆሞሎጂ ልኬት የሚያሰላ አጭር ፕሮግራም ጻፊ። ለሃይዘንበርግ 5፣ ለሽክርክሪቱ 0 ማውጣት አለበት። ሌላ ቁጥር ካመጣ መጀመሪያ ምልክቶቹን ተመልከቺ፤ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ፕላስና ማይነስ ላይ ነው። ሲወጣልሽ ደስ ካለሽና ወዲያው ባለ 4 ልኬት ሊ አልጀብራ መሞከር ካማረሽ ጻፊልኝ። የፕሮፌሰሩንም መልስ አብረሽ ላኪልኝ።