ፊዚክስ 61 አምጥቼ ናቹራል ልግባ?

የጻፈችልኝ ከሐይቅ ነው። አስረኛ ክፍልን አምና ጨርሳለች። ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ከክፍሌ ሦስተኛ ነኝ። ባዮሎጂ 93፣ ኬሚስትሪ 78፣ ሂሳብ 69፣ ፊዚክስ 61። ታሪክና ጂኦግራፊ ከ90 በላይ ነው። መሆን የምፈልገው አዋላጅ ነርስ ነው። እናቴ ታናሼን ስትወልድ ካየሁ ጀምሮ ሌላ አላሰብኩም። ታላቅ ወንድሜ ግን ሶሻል ግቢ፣ ይቀላል፣ ነጥብሽም አይወርድም፣ ሃምሳ በመቶዋን ታመጫለሽ ይለኛል። አባቴ ደግሞ ጎበዝ ልጅ ናቹራል ነው የሚገባው ይላሉ። ምዝገባው በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል። አንድ ሌላ ነገር፣ አሜሪካ ያሉ ኮሌጆች ከባድ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ይመርጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኛ ጋ ያለው ግን ናቹራልና ሶሻል ብቻ ነው። ምን ላድርግ?»

አብሽሪ እህቴ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናወራዋለን። ናቹራል ግቢ። ግን አባትሽ በሚሉት ምክንያት አይደለም። ወንድምሽንም አትቀየሚው፣ የሚያስበው ላንቺ ነው።

ናቹራል የምልሽ ለአንድ ነገር ብቻ ነው። አዋላጅነት በሶሻል በኩል አይገባም። እዚሁ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሚድዋይፈሪም (አዋላጅነት ማለት ነው) አለ፣ ነርሲንግም፣ ፋርማሲም፣ ሕክምናም። በሶሻል ተፈትነሽ እነዚህን ማሰብ የለም። አስራ አንደኛ ክፍል አጋምሰሽ «ተሳስቻለሁ፣ ልመለስ» ብትዪ ደግሞ ዓመት ይበላብሻል። ሕግ ወይም ኢኮኖሚክስ እፈልጋለሁ ብለሽኝ ቢሆን ኖሮ፣ ፊዚክስ 95 ብታመጪም እንኳ፣ አባትሽ ቢቆጡም፣ ሶሻል ግቢ ነበር የምልሽ።

የአባትሽ ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ2001 አካባቢ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር አለ። ሰባ ሠላሳ ይባል ነበር። ድሮም ናቹራል ይከበር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በየቤቱ «ናቹራል የጎበዝ፣ ሶሻል የሰነፍ» የሚለው ነገር ሥር ሰደደ። ስንቱ ልጅ ምን ትፈልጋለህ ሳይባል ምህንድስና ገብቶ፣ አምስት ዓመት ተንገላቶ፣ ዛሬ በዲግሪው የማይሠራ አለ መሰለሽ። አንቺ እንደዚያ አይደለሽም፤ የምትሄጂበትን ታውቂያለሽ። ለዚህ ነው ምርጫሽ ከሌሎቹ የሚቀለው።

አሁን ወደ ወንድምሽ። «ሶሻል ይቀላል» የሚለውን እስቲ በቁጥር እንየው። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠበትን ዓመት ታስታውሺ ይሆናል፣ የ2014 ተፈታኞች፣ ጥቅምት 2015 ላይ። ከናቹራል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት 22,936 ናቸው። ከሶሻልስ? 6,973። በመቶኛ ሲሰላ 6.8 እና 1.3። የሶሻል ተፈታኞች ቁጥር ደግሞ ከናቹራል በጣም ይበልጥ ነበር!

የሶሻሉ ፈተና ይከብዳል ለማለት አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከሂሳብና ከፊዚክስ የሸሸ ሁሉ እዚያ ስለሚሰበሰብ ነው። ሸሽቶ የገባውን ደግሞ የሸሸው ነገር እዚያው ይጠብቀዋል፤ ሂሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲቲዩድ በሁለቱም በኩል አሉ። ከስድስቱ ትምህርት ሦስቱ ማለት ነው። ከፊዚክስ ታመልጪያለሽ፤ ከሂሳብ ግን የትም አታመልጪም።

ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። እኔ ከሂሳብ ሸሽቼ ነው ሶሻል የገባሁት። እውነቴን ነው። ሂሳብ አስተማሪያችን ፊት ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ቆሜ የቀረሁበት ቀን አለ፣ ልጆቹ ሳቁብኝ፣ ከዚያ በኋላ ሂሳብ የሌለበት ቦታ ስፈልግ ኖርኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢኮኖሚክስ ደረሰኝ። ደስ አለኝ፣ ስለ ገበያና ስለ ዋጋ ማውራት ነው ብዬ። የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ ካልኩለስ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ከዚያ ስታቲስቲክስ፣ ከዚያ ኢኮኖሜትሪክስ። አስራ አንደኛ ክፍል ላይ በቀን ግማሽ ሰዓት ብሰጠው የሚያልቀውን ነገር፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሌሊት ሌሊት በሻማ ከፈልኩት። ኤሌክትሪኩም አያስተማምንም ነበር።

«ነጥቤ ይወርዳል» የሚለው ፍርሃትሽ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባሽ የብሔራዊ ፈተናው ውጤት ነው። ካርድሽ ላይ ፊዚክስ 61 ሆነ 91፣ ምደባ ላይ ማንም አይጠይቅሽም። ታዲያ ደረጃዬ ከሦስተኛ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል ብለሽ የምትፈሪው ለማን ብለሽ ነው? ለጎረቤት ካልሆነ በቀር። በ2015 ፈተና ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእያንዳንዳቸው ግን አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነበር፣ ሰኔ ላይ የተጨበጨበለት። በአገር ደረጃ ያለፈው በዚያ ዓመት 3.2 በመቶ ነበር፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። እየተሻለ ነው፣ ግን አሁንም ከመቶ ዘጠኝ እንኳ አይሞላም። እዚህ መሃል የሚያሳልፍሽ የካርድሽ ማማር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፊዚክስ 61።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። 2014 ላይ ስንተኛ ክፍል ነበርሽ? ሰባተኛ። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ገባ፣ ሐይቅም ኮምቦልቻም አልተረፈም፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሲከፈት ብዙ ቦታ ወንበሩም መጽሐፉም አልነበረም፤ አስተማሪውም ልቡ አልተመለሰም ነበር። ያኔ ነው እኩልታ የምትማሪው የነበረው። በመሃል ደግሞ ካሪኩለሙ ተቀየረ። የሰባተኛ ክፍሉ ቀዳዳ ሳይደፈን ዘጠነኛ ላይ ፊዚክስ መጣብሽ፣ አስረኛ ላይ ቬክተርና እየጨመረ የሚሄድ ፍጥነት።

ከሐይቅም፣ ከኩታበርም፣ ከተንታም የሚመጡልኝ ያንቺ ዕድሜ ልጆች ብዙዎቹ «ፊዚክስ አይገባኝም» ይላሉ። ወረቀታቸውን ስናየው ፊዚክሱ ገብቷቸዋል። ያቃታቸው ፎርሙላ ውስጥ ያለን ፊደል ከእኩል ምልክቱ ወዲያ ማሻገር ነው። ያ ደግሞ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። ያንቺም ሂሳብ 69 መሆኑን ሳይ እንደዚያ ነው የጠረጠርኩት።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። አምና የተፈተንሽባቸውን የፊዚክስ ወረቀቶች አውጪ። የተሳሳትሽባቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እዪ። ጥያቄው ምን እንደሚል ሳይገባሽ ቀርተሽ ነው? ወይስ ገብቶሽ፣ ፎርሙላውንም በትክክል ጽፈሽ፣ ስሌቱ ላይ ጠፍተሽ? ለየብቻ ቁጠሪያቸው። ሁለተኛው ከበዛ ያንቺ ችግር ፊዚክስ አይደለም፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሂሳብ መጽሐፍ ይዘሽ ሦስት ሳምንት ብትቀመጪ ይነሳል። ኩራት አይያዝሽ። የታናሽሽን መጽሐፍ ማንበብ አያሳፍርም።

የመጀመሪያው ከበዛ ግን ሥራው ይረዝማል። ነገሩን ከሕይወት ጋር ማገናኘት አለብሽ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርጂ ሲኖትራክ አይተሽ አታውቂም? ሹፌሩ ባዶ መንገድ ቢያገኝ እንኳ በሁለተኛ ማርሽ ነው እየጎተተ የሚያወርደው። ፍሬኑን ብቻ ከተማመነ ይግላል፣ ይሸታል፣ መጨረሻ ላይ አልይዝ ይላል። ለምን? ላይ ሐረጎ አናት ላይ የነበረው ኢነርጂ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት፣ የሄደው ወደ ፍሬኑ ነው፣ ሙቀት ሆኖ። ይኸው ነው የዘጠነኛ ክፍሉ የሥራ፣ የኢነርጂና የፓወር ምዕራፍ። ሹፌሩ ያለ ፎርሙላ ያውቀዋል። አንቺ ፎርሙላውን በቃልሽ ይዘሽ ሐረጎን ረስተሻል።

ጊዜውን እንዲህ አድርጊው። ከመስከረም እስከ ጥር በቀን አርባ ደቂቃ፣ ፊዚክስና ሂሳብ ብቻ። ባዮሎጂ አትንኪ፣ የክፍሉ ትምህርት ይበቃሻል። ልጆች አጥኑ ስትባሉ የምትወዱትን ነው የምታነቡት፤ 93 ያመጣችሁበትን ደግማችሁ ታነባላችሁ፣ ደስ ስለሚል። ከክፍልሽ ፊዚክስ የሚገባት አንዲት ልጅ ፈልጊ፣ አንቺ ባዮሎጂ አስረጃት፣ እሷ ፊዚክስ ታስረዳሽ። አስጠኚ መቅጠር ከዚህ በኋላ ነው፣ ያውም ቤተሰብ ገንዘቡ ካለው። እንግሊዝኛውን ደግሞ አትርሺ፤ የፈተናው ጥያቄ ሁሉ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው፣ የባዮሎጂውም ጭምር።

ስለ አሜሪካ የሰማሽው እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። እዚያ አገር ትምህርት ቤቶች ውስጥ ኤፒ የሚባሉ የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች አሉ፣ ጎበዝ ተማሪ ይወስዳቸዋል፣ ኮሌጆቹም ቀላሉን ወስዶ መቶ ካመጣው ከባዱን ወስዶ ሰማንያ አምስት ያመጣውን ብዙ ጊዜ በተሻለ ዓይን ያዩታል። ግን የሚያነቡሽ ትምህርት ቤትሽ ካለው ነገር አንጻር ነው። ከማመልከቻው ጋር ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሞላው ቅጽ አለ፣ ምን እንደሚሰጥ የሚያስረዳ። ሐይቅ ላይ ኤፒ የለም ብሎ ነጥብ የሚቀንስብሽ የለም። ካለው ውስጥ ከባዱን ወሰደች ወይ ነው ጥያቄው። እዚያ ካርድሽ ይቆጠራል፣ ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ። ስለዚህ ፊዚክስሽ ከ61 ወደ 75 ቢወጣ ያ መውጣት ራሱ ይነበባል።

ግን ልብሽን ሁሉ እዚያ አትጣይ። ለውጭ ተማሪ የመክፈል አቅሙን ሳያዩ የሚቀበሉና የጎደለውን የሚሸፍኑ ኮሌጆች ጥቂት ናቸው፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ከመቶ አመልካች የሚቀበሉት አስር እንኳ አይሞላም። ያንቺ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነገር አለበት። እዚያ አገር ነርስ አዋላጅ የሚኮነው መጀመሪያ ነርሲንግ ተምሮ፣ ከዚያ በማስተርስ ደረጃ ነው። እነዚህ የጠራኋቸው ኮሌጆች ደግሞ በመጀመሪያ ዲግሪ ነርሲንግ አያስተምሩም። ቶሎ እናቶችን ማዋለድ ከፈለግሽ የደሴው መንገድ ያጥራል። እሞክራለሁ ካልሽ ሞክሪ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ፣ ማመልከቻው ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ስለሚዘጋ ክረምቱን ሳታባክኚ። አሜሪካ ኤምባሲ ውስጥ ኤጁኬሽን ዩኤስኤ የሚባል ክፍል አለ፣ በነጻ ያማክራል። ለደላላ ብር እንዳትከፍዪ፣ በተለይ ይህን አደራ!

«ናቹራል ገብቼ ሃምሳ ባይሞላስ?» ብለሽ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ወንድምሽ ይጠይቃል። ባይሞላ ሁሉም አያልቅም። ሃምሳ ካልሞላላቸው መሃል መንግሥት እየመረጠ የሚያስገባበት የሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም በ2015 ተጀምሯል። ደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅም አለ፣ በደረጃ የሚያስተምር፤ ከዚያ ጀምረው በኋላ ዲግሪያቸውን የጨረሱ አዋላጆች አውቃለሁ። ሶሻል ገብተሽ ሃምሳ ባይሞላ ግን ከወደቅሽም በኋላ የምትፈልጊው መንገድ ላይ አይደለሽም።

ለአባትሽ ይህን ደብዳቤ አንብቢላቸው፣ ሰባ ሠላሳ ያልኩት ላይ ቢቆጡ በእኔ አሳቢው። ምዝገባሽን ጨርሺና ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ብቅ በዪ። የፊዚክስ ፈተና ወረቀቶችሽን በሙሉ ይዘሽ ነይ፣ የተቀደደም ቢሆን። ካርዱን ቤት ተዪው።