ከቦነሴ ለጡረታ ለምን አልተቆረጠም?

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ለአሜሪካ መንግሥት በኮንትራት የሚሠራ ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ። ከደመወዜ 6 በመቶ ወደ 401ኬ የጡረታ ቁጠባ ይገባል። ከ5,000 ዶላር ቦነሴ ግን ምንም አልተቆረጠም። የደመወዝ ክፍሉ «ቦነስ አይመለከተውም» አለኝ።

መልስ፦ ይህን የሚወስነው የደመወዝ ክፍሉ ሳይሆን የጡረታ ዕቅዱ ሰነድ ነው፤ የቃል መልስ ተቀብለው አይመለሱ። ሰነዱን በጽሑፍ ይጠይቁና መዋጮ የሚታሰብበትን ክፍያ የሚዘረዝረውን አንቀጽ ያንብቡ። ቦነስን ካስቀረ ነገሩ አበቃ። ካላስቀረ 300 ዶላር መቆረጥ ነበረበት። ስህተቱ የአሠሪው ነውና ማረሚያውም ከእርሱ ኪስ ይወጣል፦ በተለመደው አሠራር የዚያን ግማሽ 150 ዶላር፣ አሠሪው በመዋጮዎ ላይ የሚጨምረውን ያመለጠዎትን ድርሻና ትርፉን ጨምሮ ያስገባል። ቶሎ ከታረመ ግን ግማሹ ሊያንስ ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል (አሠሪዎች ይህችን አይዘነጉም)። ዕድሜዎ ከ50 በታች ሆኖ የ2026ን የ24,500 ዶላር የሠራተኛ መዋጮ ጣሪያ ቀድመው ሞልተው ከሆነ ግን አለመቆረጡ ትክክል ነው።