ግንበኛው «ጨምርልኝ» ካለ

ወንድሜ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ የጀመርከው ቤት መሠረቱ ሳያልቅ ግንበኛው «ጨምርልኝ» ብሎ ሥራ አቆመ ብለሃል። ከመጣላትህ በፊት ሜትር ይዘህ ጉድጓዱን ለካ። የእኛ አገር ዋልካ አፈር ተንኮለኛ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጠንካራው መሬት እስኪገኝ መቆፈር ግድ ነው። በ1 ሜትር ተስማምታችሁ 1.80 ከወረደ ድንጋዩም ጉልበቱም ጨምሯል፤ ሰውየው እውነት አለው። የጨመረውን በሜትር ኩብ አስልተህ ክፈለው። «ሲሚንቶ ተወደደ» ካለህ ግን፣ ውላችሁ የእጅ ዋጋ ብቻ ከሆነና ሲሚንቶውን የምትገዛው አንተ ከሆንክ፣ እሱን ምን አገባው?

እኔ ደብረ ማርቆስ ስሠራ ግማሹን ብር ቀድሜ ሰጥቼ ግንበኛዬ ሁለት ወር ጠፋብኝ። ስልክም አያነሳም ነበር። ከዚያ ወዲህ መሠረት ሲያልቅ፣ ግድግዳ ሲያልቅ፣ ቆርቆሮ ሲመታ እያልኩ ነው የከፈልኩት። ከየክፍያውም ትንሽ እይዝ ነበር።

አዲሱን ስምምነት ጻፉት፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። በነገራችን ላይ፣ በጀት ከጠበበህ አጥሩንና ሴራሚኩን አቆየው። ቆርቆሮው ግን ሰኔ ሳይገባ ይመታ።