የክሬዲት ካርድ ዕዳና በአንድ መስመር የታለፈው ነገር

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በአራት ክሬዲት ካርድ ወደ 31,000 ዶላር ዕዳ አለብኝ። ለሦስት ዓመት ሚኒመሙን ስከፍል ብቆይም ዕዳው ፈቀቅ አላለም። ሁለቱን ካርዶች መክፈል ካቆምኩ አምስት ወር ሆነኝ። አንድ ድርጅት ደውሎ «ዕዳሽን በግማሽ አስቀንስልሻለሁ» አለኝ። ጓደኞቼ ደግሞ ባንክራፕሲ ግቢ ይሉኛል። የቱ ይሻለኛል? አገር ቤት የጀመርነው ነገር ስላለ እሱ እንዳይነካብኝ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ካርዶቹ በደንብ ነግረውኛል። «አገር ቤት የጀመርነው ነገር» ያሉትን ግን በአንድ መስመር አለፉት። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ቤት ነው? ቦታ ነው? በማን ስም ነው? «ጀመርን» ሲሉ ከማን ጋር ነው? እመለስበታለሁ።

አስቸኳዩን ላስቀድም። ከፍርድ ቤት የመጣ ወረቀት አለ? ባንኮች ስድስት ወር ገደማ ሲሞላ ሂሳቡን ዘግተው ለዕዳ ሰብሳቢ (ኮሌክሽን) ይሰጣሉ ወይም ይከሳሉ። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት መጥሪያ ከደረሰዎት እንደሚከራከሩ በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለብዎት። ዝም ካሉ ይፈረድብዎታል። ከዚያ በኋላ ከተጣራ ደመወዝዎ እስከ ሩብ ድረስ ሊቆረጥ፣ የባንክ ሂሳብዎም ሊያዝ ይችላል። ያልከፈቱት ፖስታ ካለ አሁኑኑ ይክፈቱት።

በስልክ ያግባባዎት ድርጅት ከባንኮቹ ጋር ሳያስማማዎት ክፍያ ከጠየቀ፣ ከ2010 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነገር እያደረገ ነው። ቢያስማማዎትም፣ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከተማረልዎት እንደ ገቢ ተቆጥሮ 1099-ሲ የሚባል የታክስ ፎርም ሊመጣብዎት ይችላል። ቋሚ ገቢ ካለዎት ለትርፍ ያልተቋቋመ የክሬዲት አማካሪ ቢያነጋግሩ ይሻላል። ወለዱን አስቀንሶ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚዘልቅ ዕቅድ ያስከፍልዎታል።

ባንክራፕሲስ፣ ማለትም መክፈል ያቃተን ዕዳ በፍርድ ቤት በኩል መፍታት? ሁለት መንገድ አለው። ገቢዎ ከፈቀደ ቻፕተር 7 በሚባለው የካርድ ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ይሰረዛል። ክሬዲት ሪፖርትዎ ላይ ግን 10 ዓመት ይቆያል። በቻፕተር 13 ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት እንደ አቅምዎ ይከፍላሉ። በቅርቡ ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ አውጥተው አገር ቤት ልከው ከሆነ ለጠበቃዎ ይንገሩ። ከማመልከቻው በፊት በነበሩት 70 ቀናት የወጣ ከፍ ያለ ጥሬ ገንዘብ ላይሰረዝ ይችላል።

አሁን ወደዚያች መስመር ልመለስ። ስንት ወገኖቻችን እዚህች ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ። «ያ አገር ቤት ነው፣ ይሄ አሜሪካ ነው፣ ምን ያገናኘዋል?» ይሉኛል። ይገናኛል። የባንክራፕሲ ፎርም የሚጠይቀው ሜሪላንድ ውስጥ ያለዎትን ብቻ አይደለም። በየትኛውም አገር ያለ፣ በማንም እጅ የሚገኝ ንብረትዎን ነው። አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር ያለ ኮንዶሚኒየም ቢሆን፣ ባሕር ዳር ያለ ቦታ ቢሆን ይጻፋል። «በእናቴ ስም ነው» ማለትም አያድንም። በእርስዎ ገንዘብ ከተሠራ የእርስዎ ድርሻ አለበት ሊባል ይችላል። አለ ወይስ የለም የሚለው በክርክር ይለያል እንጂ ዝም ብለው አይወስኑትም።

እቁብም እንደዚሁ ነው። ገና ያልወጣልዎት ከሆነ የሚቀበሉት ገንዘብ አለ ማለት ነው። ወጥቶልዎት ከሆነ ደግሞ የቀረው ዙር ዕዳዎ ነው። ሁለቱም ይጻፋል።

ቤቱን ስላሳወቁ ብቻ አይወሰድብዎትም። ዋጋው ስንት ነው፣ ያልተከፈለ የባንክ ብድር አለበት ወይ፣ ድርሻዎ ምን ያህል ነው የሚለው ይታያል። ለምሳሌ በቻፕተር 13 ንብረቱን ሳይለቁ ተመጣጣኝ ገንዘብ በዕቅዱ መክፈል የሚቻልበት መንገድ አለ። ይህን ማስላት የጠበቃ ሥራ ነው። ጠበቃው ካላወቀ ግን ምንም ሊያሰላልዎት አይችልም።

ከደበቁት ነው የሚከፋው። ትረስቲው፣ ማለትም የባንክራፕሲ ጉዳይዎን እንዲከታተል የሚመደበው ሰው፣ በመሐላ ይጠይቅዎታል። በየወሩ በሐዋላ የላኩት ገንዘብ ባንክ ስቴትመንትዎ ላይ አለ። የመደበቅ ሐሳብ እንደነበር ከታመነ የዕዳ ስረዛው ይከለከላል፤ 31,000ው እንዳለ ይቆያል። ንብረት መደበቅ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀልም ነው። ግሪን ካርድ ላይ ላለ ሰው ደግሞ የማጭበርበር ጥፋት ኢሚግሬሽን ድረስ ይከተላል። ዕዳው ራሱ እኮ ከአገር አያስወጣም!

«እንግዲያው ውክልና ልኬ በወንድሜ ስም ላዙረው» ብለው እንዳያስቡ፣ እባክዎ። ትረስቲው ቢያንስ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ዝውውሮችን ማፍረስ ይችላል። የአክስት ልጅ አበድሮዎት ከባንኮቹ አስቀድመው ለእሱ መክፈልም ችግር አለው። በአንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ የተከፈለውን ገንዘብ ከዘመድዎ ላይ ሊያስመልሱት ይችላሉ። ደግ ሥራ የሠራልዎትን ሰው ፍርድ ቤት ማስጠራት አይፈልጉም።

ስለዚህ ከጠበቃ ጋር ሳይነጋገሩ ምንም አይፈርሙ፣ ምንም አያዛውሩ፣ ለዘመድም አይክፈሉ። አቅም ካነሰዎት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጠውን ሜሪላንድ ሊጋል ኤይድን ይጠይቁ። ሲሄዱ የአራቱን ካርዶች ስቴትመንት፣ ክሬዲት ሪፖርት፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የታክስ ሰነድና የሐዋላ ደረሰኞችን ይያዙ። እኔ ጉዳይዎን ከአንድ ደብዳቤ ላይ ነው ያየሁት፤ ሰነዱን ያየ ጠበቃ ሌላ ሊልዎት ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ አገር ቤት ይደውሉና ካርታው ወይም ውሉ በማን ስም እንደሆነ ይጠይቁ። ፎቶ አንስተው ይላኩልዎት።