ጽጌረዳዬ ለምን አታብብም? ከሰሜን ሸዋ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ ጽጌረዳ የሚያስቸግራችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። ብዙ ላካችሁ፣ አመሰግናለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ሰሜን ሸዋ አንድ ዓይነት አየር የለውም። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ የሠራ ምክር እዚያ ታች ጉዳት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጠየቃችሁበትን ቦታ እያየሁ ነው የምመልሰው።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ መስከረም ላይ አምራ የነበረች ጽጌረዳዬ ኅዳር ሲገባ ጫፍ ጫፏ ጠቁሮ ይደርቃል። ብርዱ እየገደላት ነው? ነቅዬ ልተዋት?

በፍጹም አትንቀያት። ጽጌረዳ ብርድ ትችላለች። የተጎዳው አዲስ የወጣው ለስላሳ ቡቃያ ነው፤ ሥሯና ጠንካራው ግንዷ ደህና ናቸው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ክረምቱ እንደወጣ ከርክመሻታል? ብዙ ሰው መስከረምና ጥቅምት ላይ ግቢ ሲያጸዳ ጽጌረዳውንም አብሮ ይቆርጣል። የተቆረጠች ጽጌረዳ ወዲያው አዲስ ቀንበጥ ታወጣለች። ቀንበጡ ገና ሳይጠነክር የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይደርስበታል። በደጋ ዋናውን ክርከማ ውርጩ እስኪያልፍ ድረስ አቆዪው። ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ ጥሩ ጊዜ ነው። በልግ ከጣለ ደግሞ አዲሱ ቡቃያ ዝናብ ያገኛል። በጽጌ ወቅት የጠወለገውን አበባ ብቻ ማንሳት ይበቃል።

ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ማታ ከዋክብቱ ደምቀው ከታዩና አየሩ ጸጥ ካለ ተጠንቀቂ። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በአሮጌ ጨርቅ ሸፍኛት። ጨርቁን የሚይዙ ሁለት ሦስት እንጨቶች ትከይ። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ ግን የነካው ቦታ ይቃጠላል። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል አንሺው። አፈሩም ቀን ላይ ውሃ ይጠጣ፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይዞ ያድራል።

ቦታውም ለውጥ ያመጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ወደ በሬሳ ወንዝ ዝቅ ያለ ግቢ ከፍ ካለው በላይ ውርጭ ይመታዋል። የድንጋይ ግድግዳ ካለሽ የከሰዓት ፀሐይ በሚያገኝበት በኩል ትከይ። ድንጋዩ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይሰጣታል።

የጠቆረውን ጫፍ ደግሞ አሁን አትቁረጪው። አስቀያሚ ቢሆንም ከሥሩ ያለውን ይከልላል። የካቲት ላይ አብሮ ይነሳል።

ከእነዋሪ፦ ሦስት ችግኝ ተከልኩ፣ ሦስቱም ነሐሴ ላይ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ሞቱ። ውሃ አልጎደለባቸውም።

የገደላቸው እሱ ነው ወንድሜ፤ ውሃ በዛባቸው። የናንተ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። ሥር አየር ሲያጣ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ምግብ አይስብም። በአካባቢያችን ከውርጭ ይልቅ ብዙ ጽጌረዳ የሚፈጀው የቆመ ውሃ ነው።

መፍትሔው እዚያው ሰፈራችሁ አለ። የእነዋሪ ገበሬ በጥቁር አፈር ላይ ሲዘራ መደብ አንስቶ፣ በመሀል ቦይ አውጥቶ ውሃውን ያጠነፍፋል። ለጽጌረዳም ልክ እንደዚያ አድርግ። መደቡ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። አፈሩን ከበሰበሰ ፍግና ከደቃቅ ጠጠር ወይም ቀይ አሸዋ ጋር ቀላቅል። ጠንካራ ጥቁር መሬት ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ጉድጓዱን ብቻ በጥሩ አፈር መሙላት ግን አያዋጣም። ውሃው ከዙሪያው እየመጣ እዚያ ይጠራቀማል። በችግኝና በችግኝ መካከል ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ተው።

ከደብረ ሲና፦ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ክብ ክብ ነጠብጣብ ይወጣና ዙሪያው ቢጫ ሆኖ ይረግፋል።

ይህ የጥቁር ነጠብጣብ በሽታ ነው፤ የሚያመጣው ፈንገስ ነው። ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ከቆየ ፈንገሱ ይዛመታል። የናንተ ጉም ደግሞ ቅጠል እስከ ረፋድ አያደርቅም፤ አንኮበርም እንዲሁ ነው። ጉሙን ማስቆም አንችልም፤ ቅጠሉ ቶሎ እንዲደርቅ ግን ማድረግ እንችላለን። የቁጥቋጦውን መሀል የሚያጣብቡትን ቅርንጫፎች አውጥታችሁ ነፋስ እንዲያልፍ ክፈቱት። ስታጠጡ ሥሩ ላይ ብቻ፣ ጠዋት ይሁን። የረገፈውን ቅጠል በሙሉ ለቅማችሁ አቃጥሉ፤ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት። ይህን ሳትሠሩ መድኃኒት ብትረጩ ገንዘብ ማባከን ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ አበባው ትንሽ ነው፣ በፈነዳ በማግስቱ ይበተናል። የደብረ ብርሃን ጽጌረዳ ግን ጡጫ ያህላል።

ቅዝቃዜው ነው። በደጋ እንቡጡ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ትልቅ ይሆናል፣ ቀለሙም ይደምቃል። በቆላ ይቸኩላል። የናንተ ጥሩ ወራት ከኅዳር እስከ ጥር ናቸው። ስለዚህ ክርከማችሁ ከደጋው የተለየ ይሁን፤ መስከረም ላይ ከርክሙ። በግንቦት ሙቀት ከቀትር በኋላ ጥላ ቢያገኙ፣ ሥራቸውም በገለባ ቢሸፈን ደስ ይላቸዋል።

ከመሐል ሜዳ፣ ከአንዲት እናት፦ ጎረቤቴ ቆንጆ ቀይ ጽጌረዳ አላት። ቅርንጫፍ ቆርጬ ብተክል ይይዛል? ሁለቴ ሞክሬ ደረቀብኝ።

ይይዛል እናቴ። ቅርንጫፉን መምረጡ ላይ ነው ነገሩ። ጫፉ ላይ ያለው ለስላሳው ይበሰብሳል። ከሥር ያለው ያረጀው እንጨት ደግሞ ሥር ለማውጣት ያስቸግራል። አበባው በቅርቡ የረገፈለትን፣ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ይምረጡ። እሾሁን በአውራ ጣትዎ ወደ ጎን ሲገፉት ቀጭ ብሎ ከተነሳ ደርሷል ማለት ነው። ልጡን ይዞ ከተላጠ ግን ገና ነው።

ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ አንጓው ሦስት ወይም አራት ይሁን። ከታች ልክ ከአንጓው ሥር ይቁረጡ። ላይ አንድ ቅጠል ትተው ሌላውን ያንሱ። ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ያስገቡት፤ የላይኛው ወደ ታች እንዳይዞርብዎት። ከዚያ የሃይላንድ ፕላስቲክ ቂጡን ቆርጠው፣ ክዳኑን ከፍተው ይድፉበት። እርጥበቱን ይዞለት ይቆያል። ጥላ ውስጥ ይሁን። ጊዜው የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ሲጀምር ቢሆን ይመረጣል።

ሥር ለማውጣት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጅበታል፤ መሐል ሜዳ ያለበት መንዝ ቀዝቃዛ ስለሆነ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ቅጠል ስላወጣ ሥር አወጣ ማለት አይደለም። እባክዎ ያዘ አልያዘ ብለው እየነቀሉ አይዩት፤ ለጋው ሥር በዚያው ይበጠሳል።

ከደብረ ብርሃን፦ ከችግኝ ጣቢያ የገዛሁት ቢጫ ነበር። አሁን ረጃጅም ቅርንጫፍ ብቻ እያወጣ ሌላ ተክል መስሏል።

የገዛኸው በማጣበቅ የተባዛ ነው። ቢጫው ጽጌረዳ በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተጣብቆ ነው ያደገው። እኛ አገር የአበባ እርሻዎችም ለዚህ ናታል ብራየር የሚባል ዝርያ በብዛት ይጠቀማሉ። ከመጣበቂያው እብጠት በታች የወጣ ቅርንጫፍ የሥሩ ነው። እሱ ቶሎ ስለሚያድግ ቢጫውን ምግብ ይሻማዋል። በመቀስ ብትቆርጠው ተመልሶ ይወጣል። አፈሩን ገልጠህ ከተነሳበት ቦታ ወደ ታች ገንጥለው። ሰባት ቅጠል ካለው የሥሩ ነው የሚባለውን አትመን፤ የተነሳበትን ቦታ ተመልከት።

ከሸዋ ሮቢትም ከደብረ ብርሃንም፦ እንቡጡ ላይ አረንጓዴ ትናንሽ ነፍሳት ተጣብቀዋል፣ ጉንዳንም ይመላለሳል።

ክሽክሽ ነው። ጉንዳኑ የሚመጣው ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው። ጥቂት ከሆነ በጣታችሁ ጨፍልቁት። ከበዛ የገላ ሳሙና ፍቃችሁ በውሃ አሟሙና ማታ ርጩ። የዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ቀይ ጥንዚዛ ካያችሁ አትንኩት፤ ክሽክሽ የሚበላላችሁ እሱ ነው። መርዝ ርጫችሁ እሱንም ንቡንም አትግደሉ።

ቅጠሉ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ሲመስልስ?

ይህም ፈንገስ ነው፤ ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ይመጣል። ከወተት አገር ናችሁና አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ፀሐይ ባለበት ጠዋት፣ በሳምንት አንዴ ርጩ። ገና ሲጀምር ከደረሳችሁበት ይረዳል።

አመድ ልጨምር? ዩሪያስ? ቅጠሉ በዝቶ አበባ የለውም።

ዩሪያውን አቁሙ። ቅጠሉን ያበዛው እሱ ሊሆን ይችላል። የበግ በጠጥ በደንብ ከበሰበሰ በኋላ በዓመት ሁለቴ ሥሩ ዙሪያ ጨምሩ፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። አመድ አንድ እፍኝ አይጎዳም። የምድጃውን ሁሉ እዚያ መድፋት ግን አፈሩን ያበላሻል። ተክሉ ብረት መሳብ ያቅተውና አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፀሐይ ይቁጠር፤ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያስፈልጋል። ባህር ዛፍ አጠገብ ከሆነም ውሃውን ዛፉ እየወሰደባችሁ ነው።

ከአንኮበር፦ ቀጋ ጽጌረዳ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

እውነት ነው። የአገራችን የዱር ጽጌረዳ ነው። ነጭ አበባ ያወጣል፣ ቀይ ፍሬው ይበላል፣ ቫይታሚን ሲ አለው። ለአጥር ከቀጋ የተሻለ አላውቅም፤ ውርጩንም ድርቁንም ለምዶታል። አጥራችሁ ላይ ካለ አትመንጥሩት።

ከደብረ ብርሃን፦ ልጄን ጥር አጋማሽ ላይ እድራለሁ። ከግቢዬ አበባ እንዲደርስልኝ መቼ ልከርክም?

እንኳን ደስ አለዎት! በደጋ ከተከረከመ በኋላ ለማበብ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የጽጌ ጾም ሲያበቃ፣ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ይከርክሙ። ለሠርጉ ሲባል ነው እንጂ ጊዜው የውርጭ ነው፤ ሁሉንም አይንኩ። ግድግዳ ሥር ያሉትን ግማሾቹን ብቻ ይከርክሙና ማታ ማታ ይሸፍኗቸው። ሲቆርጡ የግንዱ መሀል ነጭ እስኪሆን ይውረዱ፤ ቡናማ ከሆነ ያ ክፍል ሞቷል። ወደ ውጭ ከሚያይ አንጓ ትንሽ ከፍ ብለው፣ መቀሱን ሰያፍ ይዘው ይቁረጡ። ሸዋ ሮቢት ዘመድ ካለዎት ደግሞ እዚያ ቶሎ ስለሚያብብ ኅዳር መጨረሻ ላይ እንዲከረክሙልዎት ይንገሩ፤ አንዱ ቢጎድል ሌላው ይሞላል።

በሠርጉ ዋዜማ የላይኛው የአበባ ቅጠል ላላ ማለት የጀመረውን እንቡጥ ይምረጡ። ውርጩ ከቀለጠ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ቆርጠው ወዲያው ባልዲ ውሃ ውስጥ ያስገቡት። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ያንሱና ባልዲውን ቀዝቃዛ ክፍል ያሳድሩት።