ሞተር ሲነሳ የሚጠፋው ሞድባስ

ፒኤልሲ ማሽን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ ኢንቨርተር የሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠር መሣሪያ ነው፤ አርኤስ-485 የሚያገናኛቸው የሽቦ መስመር፣ ሞድባስ ደግሞ በዚያ ላይ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። አንድ አንባቢ እንዲህ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ አንድ ፒኤልሲ ስድስት ኢንቨርተር በአርኤስ-485 ሞድባስ ያዛል። ፒኤልሲው አንዱ ጫፍ ላይ ነው፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 9600 ቢት፣ ኬብሉ 140 ሜትር ይሆናል። ሞተሮቹ ቆመው ሳለ ሁሉም ይመልሳሉ። ሦስት አራቱ ሲነሱ ግን 5ኛውና 6ኛው ይጠፋሉ። ከዚህ በፊት የመጣ ሰው የስድስቱንም ኢንቨርተር የ120 ኦም ሬዚስተር ማብሪያ አብርቶ፣ ታይምአውቱን (መልስ የሚጠበቅበትን ጊዜ) 5 ሰከንድ አድርጎ ሄደ። አሁን ጭራሽ ብሶበታል። ፒኤልሲውን ልቀይረው እንዴ?»

እንዳትቀይር ወንድሜ። ሞተር በቆመ ጊዜ ስድስቱም ከመለሱ አድራሻውም ፓሪቲውም (የስህተት ማጣሪያ ቢቱም) ልክ ነው፣ አትነካካቸው። ሩቆቹ ሁለቱ ብቻ፣ ያውም ሞተር ሲነሳ የሚጠፉ ከሆነ፣ ምልክቱ ደክሞ እየደረሰ ረብሻ እያሸነፈው ነው። ረብሻው ድሮም ነበር። ምልክቱን ያደከመው ግን ያ «ጥገና» ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ፓኔሉን ከመክፈትህ በፊት አንድ ነገር ስማኝ። ብሬከር ስለወረደ ኢንቨርተር አልሞተም። 400 ቮልት የሚገባበት ኢንቨርተር ካፓሲተሩ ውስጥ 565 ቮልት አካባቢ ዲሲ ይይዛል። ስክሪኑ ቢጠፋም አትመነው። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቅ፣ የዲሲውን ፕላስና ማይነስ ለካ፣ ከዚያ እጅህን አስገባ።

አሁን ፒኤልሲውን ጨምሮ ሁሉም እንደጠፋ፣ ቴስተርህን ኦም ላይ አድርገህ በኤ እና በቢ፣ ማለትም በሁለቱ የምልክት ሽቦዎች መካከል ለካ። 60 አካባቢ ካነበበ ጤነኛ ነው፣ ሁለት 120 ጎን ለጎን ማለት ነው። 120 ካነበበ አንዱ ጫፍ ላይ ሬዚስተር የለም። እኔ የምጠብቀው ግን 20 ነው፣ ስድስቱም በርተዋልና፤ ፒኤልሲው ጋ ያለውም በርቶ ከሆነ 17።

ለምን ሁለት ብቻ እንደሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳህ፣ ምክንያቱም ይህን ያልገባው ሰው ነው መስመር የሚያበላሸው። አንድ ጫፉ ግድግዳ ላይ የታሰረ ገመድ በእጅህ ብትነቀንቅ፣ ማዕበሉ ሄዶ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። ኬብል ላይ ያለ ምልክትም እንደዚያው ነው። ጫፍ ላይ ያለው 120 ኦም ከኬብሉ ጠባይ ጋር ስለሚመጣጠን ማዕበሉን ይውጠዋል። መሃል ላይ ያለ ሬዚስተር ግን ጉልበት ይጠጣል እንጂ ምንም አይረዳም። ደግሞ ያንተን መስመር እናስላው። ምልክት አንድ ሜትር ለመሄድ 5 ናኖሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። 140 ሜትር ደርሶ መልስ 1.4 ማይክሮሰከንድ ነው። በ9600 አንዱ ቢት 104 ማይክሮሰከንድ ይቆያል። ማሚቶው ቢቱ መሃል ከመድረሱ በፊት ተመላልሶ ያልቃል። ስለዚህ ባንተ ፍጥነት ዋናው ጠላትህ ማሚቶ አይደለም፣ ሸክም ነው። አርኤስ-485 አስተላላፊ በ54 ኦም ሸክም ላይ ቢያንስ 1.5 ቮልት እንዲሰጥ ነው የሚጠበቅበት። 17 ኦም ስታሸክመው ቮልቴጁ ይወርዳል። ተቀባዩ በእርግጠኝነት ለማንበብ 0.2 ቮልት ልዩነት ይፈልጋል። እዚያ ጠርዝ ላይ ከደረስክ የአንድ ሞተር መነሳት ይበቃል። ባንተ መስመር ሰባት ሬዚስተር ከሚኖር ጭራሽ ባይኖር ይሻል ነበር።

እንግዲህ ፒኤልሲው ጋ ያለውንና የ6ኛውን ብቻ ተው፣ ሌላውን አጥፋ። ማብሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋኑ ስር ነው፣ ስለዚህ እደግመዋለሁ፦ በእያንዳንዱ ኢንቨርተር ላይ ደቂቃውን ጠብቅ፣ ዲሲውን ለካ። አንዱን ስለለካህ ሌላውን አትመን። ፒኤልሲው ጋ ሬዚስተር ከሌለ ግዛና እሰር፣ ግን መጀመሪያ በቴስተር ለካው። አንድ ጊዜ ከተርሚናል ብሎን ስር ያወጣሁት እርካሽ ሬዚስተር የቀለም ቀለበቱ ቡኒ፣ ቀይ፣ ጥቁር ነበር። 120 ቡኒ፣ ቀይ፣ ቡኒ ነው። ያ 12 ኦም ነበር፣ መስመሩን በሙሉ አንቆት ከረመ።

ከዚያ ኬብሉን እየው። የተጠማዘዘ ጥንድ ነው ወይስ ያገኙትን ቀጭን የስልክ ሽቦ ነው የዘረጉት? ያ ሽቦ ያሳዝነኛል፣ ስንት ሰው ስንት ቀን ያስለፋል። ከሞተር ኬብል ጋር አንድ መንገድ ላይ ተኝቶ ከሆነ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር አርቀው፣ መሻገር ካለበት በቀጥታ ያቋርጥ። ሦስተኛዋን የጋራ ሽቦም አገናኝ። በመሣሪያዎቹ መካከል ያለው የመሬት ልዩነት ከማይነስ 7 እስከ ፕላስ 12 ቮልት ካለው ክልል ካወጣቸው ኤ እና ቢ ብቻቸውን አይበቁም። መስመሩ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ በሰልፍ ይሂድ፣ እንደ ኮከብ አይበተን።

ታይምአውቱን ወደ 500 ሚሊሰከንድ መልሰው። ጥቂት ሬጂስተር (የመሣሪያው የመረጃ ቋት) የሚነበብበት ጥያቄና መልስ በ9600 ከዚያ በጣም በታች ያልቃል። አሁን ግን አንድ የሞተ ኢንቨርተር ሌሎቹን 5 ሰከንድ ያስጠብቃል። በዚያው የኢንቨርተሮቹን ሴቲንግ አይተህ ግንኙነት ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርጉ አረጋግጥ። ያ ሰው «ችላ በል» ላይ አድርጎት ሄዶ ከሆነ ሞተሩ ያለ አዛዥ እየዞረ ይቀጥላል። የሂደቱ መቆም ሌላ አደጋ ከሌለው «ቁም» ላይ መልሰው።

ሁሉንም ስትጨርስ ሞተሮቹን አንድ በአንድ አስነሳና የፒኤልሲውን የስህተት ቆጣሪ ተመልከት። ከዚህ በኋላም 6ኛው ከጠፋ ያነበብከውን ኦም ጽፈህ ላክልኝ። ሽፋን ስትከፍት ካፓሲተሩን አደራ።