ቬሎው ሁሉ ለረጅም ሴት የተሰፋ ሆነብኝ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ሠርጌ አምስት ወር ቀርቶታል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ50 ሲሆን ሰውነቴም ደቃቃ ነው። እስካሁን 11 ቬሎ ለክቼአለሁ፤ አንዱንም «ይኼ የእኔ ነው» አላልኩም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰፊ ቬሎ ለብሼ ስወጣ ታናሽ እህቴ «የት ገባሽ?» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። ሻጯ ቀሚሱን ከጀርባዬ በመቆንጠጫ ሰብስባ ይዛ «ከሥር 20 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል፣ ሌላ ምንም ችግር የለውም» አለችኝ። ለማሳጠሪያ የጠራችው ገንዘብ ግን የቀሚሱን ዋጋ ግማሽ ያህላል። ሠርጉን የምንደግሰው እኔና እጮኛዬ ባጠራቀምነው ገንዘብ ስለሆነ ለቬሎ ብዬ መበደር አልፈልግም። እናቴ ደግሞ «ረጅም ታኮ አድርጊና ይለቅ» ትላለች፤ እኔ ታኮ ለምጄ አላውቅም። የእናቷን ልብስ የለበሰች ሕፃን መስዬ መታየት ነው የፈራሁት። ምን ይመክሩኛል?

ደቃቃዋ ሙሽራ

ውድ ደቃቃዋ ሙሽራ፣

እኔም በቁመት ብበልጥሽ በአራት ጣት ነው። ለሠርጌ የገዛሁትን ቬሎ ከሥሩ አስቆርጬ ለብሼው ነበር፤ ዛሬም ፎቶውን ሳየው ወገቤ ዳሌዬ ላይ ወርዶ፣ እግሬ የጠፋ እመስላለሁ። ስለዚህ የሻጯን ንግግር በደንብ አውቀዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው፤ ርዝመት ይቆረጣል። የወገብን ቦታ ግን መቀስ አያስተካክለውም።

ለረጅም ሴት የተሰፋ ልብስ የሚረዝመው ከታች ብቻ አይደለም። ከትከሻ እስከ ወገብ ያለው ይረዝማል፣ የብብቱ ቅድ ዝቅ ይላል፣ የጉልበቱም ቦታ ይወርዳል። ብዙ ልብስ አምራቾች ቁመታቸው ከ1 ሜትር ከ63 በታች ለሆኑ ሴቶች ለብቻ ልኬት የሚያወጡት ለዚህ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ልኬት ቀሚሱ መሬት ላይ ቢንዘረፈፍም አትዪው። አውራ ጣትሽን ከጎድን አጥንትሽ በታች፣ ወገብሽ በጣም በሚቀጥንበት ቦታ ላይ አድርጊና የቀሚሱ የወገብ ስፌት የት እንዳረፈ ተመልከቺ። እዚያው ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ካረፈ ጥሩ ነው። ሁለት ጣት ከወረደ ግን ርካሽም ቢሆን ተዪው፤ ማንገቻ ካለው ከትከሻ ላይ ጥቂት ማሳጠር ይቻል ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ልብሱን እንደ አዲስ መስፋት ነው።

የማሳጠሪያው ዋጋ የናረውም ያለ ምክንያት አይደለም። የቬሎ ጠርዝ አንድ ጨርቅ አይደለም፤ ገበሩ አለ፣ የውስጡ ቱል (መረብ መሳዩ ስስ ጨርቅ) አለ፣ ላዩ አለ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆረጣል። ዳንቴሉ ከታች ጠርዙን ተከትሎ የተሰፋ ከሆነ ደግሞ በእጅ ተፈትቶ፣ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ እንደገና መሰፋት አለበት። ጨሌ ካለበት የባሰ ነው። አንቺ ጌጡ ደረቱ ላይ የሆነ፣ ከወገብ በታች ግን ልሙጥ የሆነ ቀሚስ ፈልጊ። ልሙጥ ሳቲን በቀላሉ ይቀመቀማል፤ ቱል ደግሞ ስለማይተረተር በመቀስ ብቻ ተስተካክሎ ይቆረጣል። ጌጡ ከላይ መሆኑ የሰውንም ዓይን ወደ ፊትሽ ይስበዋል።

ስለ ቅርጹ ብዙ አልልም፤ «አጭር ሴት ይህን አትልበስ» የሚል ዝርዝር ያናድደኛል። ከወገብ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚሰፋ ቀሚስ፣ አንገቱም ወደ ታች የሾለ፣ ብዙ ጊዜ ያምርብሻል። ዳሌን አጥብቆ ጉልበት ላይ የሚበተነው ግን ባንቺ ላይ መበተን የሚጀምረው ቅልጥምሽ ላይ ስለሚሆን እግርሽን ያሳጥረዋል። ያን ሰፊውን ቬሎ ከወደድሽው ከውስጡ አንድ ሁለት የቱል ድርብ አስወጥተሽ ሞክሪው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቁመትሽ ዕዳ የሆነብሽ ይመስልሻል እንጂ በአንድ በኩል ሀብትሽ ነው። እንዳንቺ አጭር የሆነች ሙሽራ አሳጥራ አንድ ቀን የለበሰችው ቬሎ ለረጅም ሴት አይሆንም፤ የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስማ። ባለቤቷ ገዢ ስለምታጣ ዋጋውን ትቀንሳለች። የማሳጠሪያውን ደግሞ እሷ ከፍላልሻለች! ለዘመድ ለወዳጅ ሁሉ ቁመትሽን ተናገሪ። የሚሸጥ ሲገኝ «ስንት ቁጥር ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ የቬሎ ቁጥር ከዘወትር ልብስ ቁጥር ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። የደረቱን፣ የወገቡንና የዳሌውን ልክ በሜትር ለክታ ትንገርሽ፤ ከዚያም ከጉሮሮዋ ሥር ካለችው ጎድጓዳ እስከ መሬት ስንት እንደነበርና ምን ያህል ታኮ እንዳደረገች ጠይቂያት። ከተከራየሽ ደግሞ ቀብድ ሳትከፍዪ በፊት ማሳጠር ይፈቀድ እንደሆነ አረጋግጪ።

እንዲህ ያለ ካልተገኘ አምስት ወር ለማሰፋት ይበቃል። ባንቺ ልክ የተሰፋ ልሙጥ ቀሚስ፣ ጌጠኛ ቬሎ ገዝቶ ከማስፈታት ሊረክስ ይችላል። ልብስ ሰፊው ዋናውን ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ደረቱን በአቡጀዲ ሰፍቶ እንዲለካልሽ ለምኚው። ስህተቱ እዚያ ላይ ይታያል፣ ኪሳራውም ትንሽ ነው።

እናትሽ ስለ ታኮ ያሉት ክፉ አይደለም፤ ግን ቀኑን ሙሉ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። ሰፋ ያለ፣ አምስት ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ታኮ ይበቃሻል፤ ቤት ውስጥ እያደረግሽ ልመጂው። ጫማው መገዛት ያለበት ግን ቀሚሱ ከመቀምቀሙ በፊት ነው። ጠርዙ የሚለካው ጫማውን አድርገሽ ሲሆን፣ ከፊት በኩል ከመሬት አንድ ጣት ከፍ ይበል፤ አለዚያ ስትራመጂ ትረግጪዋለሽ። ዓይነ ርግቡ ስስና ነጠላ ይሁን፤ ወይ ክንድሽ ላይ ይቅር፣ ወይ መሬት ይድረስ፤ ባትሽ ላይ የሚቆመው ለሁለት ይቆርጥሻል።

ያችን እህትሽን ደግሞ ለሚቀጥለው ልኬት ይዘሻት ሂጂ። ከጎንና ከኋላ ፎቶ ታንሳሽ። «የት ገባሽ?» ካለች አውልቂው።